በሁዳዴ ያልተዋጠው ኪኒን

ዓለምዬ፣ የቤቴ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ወዲህ ሦስተኛው ሁዳዴ ዛሬ ገባ። እንዴት ከርመሃል እንዳልልህ ያለህበትን አላውቅም። ደህና ነኝ እንዳልልህ ደግሞ አንተ እኔን ታውቀኛለህ፣ አታምነኝም። ጽሕፈቴ ያው በመሠረተ ትምህርት የተማርሁት ነው፤ ዶሮ የጫረው ይመስላል እያልህ የምትስቅበት። እንደምንም አንብበው።

የቤቱን ልንገርህ። ዳልቻው በሬህ አርጅቷል፣ ቀንበር አይችልም፤ እኔም ልሸጠው አንጀቴ እምቢ ብሎ ዝም ብሎ ይቀለባል። በርበሬው ዘንድሮ በሽታ ገብቶበት አልሆነልንም፣ በቆሎው ግን ደህና ነው። ወንድምህ ሞላ እርሻውን ያርስልናል፤ እያረሰም ይቆጣኛል። የሚቆጣኝ በይበልጣል ነገር ነው። ልጃችን ታሟል፣ ዓለምዬ። ያንተ ሕመም ነው የያዘው።

ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቶ አሥረኛ ክፍል ይማር ነበር። የፈተናው ነገር አስጨንቆት ሌት ተቀን ሲያጠና ከርሟል አሉኝ። ከመስቀል በኋላ ጓደኞቹ ደግፈው አመጡት። እንቅልፍ የለውም። ከግድግዳው ወዲያ ሰዎች ስሜን እያነሡ ይመክሩብኛል ይላል። ያቀረብሁለትን ምግብ አንዴ ያሸታል፣ አንዴ ያገላብጣል፤ ሲያሸት እንኳ አንተን ነው የሚመስል።

ያንተ እንዴት እንደጀመረህ መቼም አልረሳው። ደርግ ወድቆ መሬቱ ሲሸነሸን፣ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ነበርህና ቢሮክራሲ፣ የደርግ ሹም ብለው ያንን የወንዝ ዳር ማሳ ለሌላ ሰጡብህ። ምነው ብትጮህ፣ ምነው ብትሳደብ ኖሮ። አንተ እቴ፣ ጠዋት ጠዋት ድንበሩ ላይ ሄደህ ተቀምጠህ የሰው በሬ ሲያርሰው ታይ ነበር። ከዚያ እንቅልፍህ ጠፋ። ከዚያ ውሃው ውስጥ የሆነ ነገር ጨምረውብኛል ማለት መጣ። ጠበሉን አዳረስነው፣ ግሽ ዓባይ ድረስ ሄድን። በመጨረሻ ሰው መክሮን በአውቶቡስ ፍኖተ ሰላም ወረድንና የአእምሮ ሕመም የሚያክም ነርስ አገኘን። የት ነበራችሁ እስከ ዛሬ ያለን ትዝ ይልሃል? የት እንሆናለን፣ እንዲህ ያለ ሐኪም መኖሩን ማን ነግሮን።

ኪኒኑን ከጀመርህ በኋላ አንድ ቀን እስከ ምሳ ተኛህ። ደንግጬ አፍንጫህ ሥር እጄን አስጠጋሁ። ዓይንህን ገልጠህ ልትቀብሪኝ ምነው ቸኮልሽ ብለህ ሳቅህ። እኔም እየሳቅሁ አለቀስሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ ባሌን ያገኘሁት ያን ቀን ነው።

አሁን የምቆጣህን ልቆጣህ። ሁዳዴ ሲገባ ኪኒኑን ተውኸው። ነርሱ ጠዋት ከምግብ ጋር ነው ያለህ፤ አንተ ጾም አልገድፍም አልህ። የማታውንም ባዶውን በዋለ ሆድ ያዞረኛል ብለህ ተውኸው። ለመንሁህ። ልጁን ወባ የያዘው ጊዜ በሁዳዴ፣ ገና በጠዋቱ፣ በገዛ እጅህ ኪኒን አልሰጠኸውም ወይ አልሁህ። ያ በሽታ ነው አልኸኝ። ይኸስ ምንድን ነው ብልህ ጥለኸኝ ወጣህ። የነፍስ አባታችንን ቄስ ጥሩነህን ልጠይቅልህ ብልህ ደግሞ፣ ቄሱ እኔን እብድ ነው ብለው እንዲያስቡ ነው ወይ ብለህ በቁጣ ከለከልኸኝ። ለማንም እንዳልናገር አስማልኸኝ። ደብረ ዘይት ሳይደርስ እንቅልፍህ ተመልሶ ሄደ። ከደብረ ዘይት በኋላ አንድ ጠዋት ወጣህ፣ ከገደሉ ሥር አገኙህ። ጥጃ ሲያባርር አዳልጦት ነው አሉ። እኔም አዳልጦት ነው አልሁ። ያንን ገደል ከልጅነትህ ጀምሮ ታውቀው ነበር፤ ጥጃም ከበረት አልወጣም ነበር።

ይበልጣልን እዚያው ነርስ ዘንድ ወሰድሁት። ሞላ ጠበል ብቻ ነው የሚያድነው፣ ኪኒንና ጠበል አብረው አይሄዱም ብሎ መንገድ ላይ ሊያስቀረን ታገለን። አልሰማሁትም። ጠበሉንም ይጠመቃል፣ ኪኒኑንም ይውጣል አልሁት። ቡሬ ገበያ ሳይቀር ልጁን ለሐኪም ሰጠችው ተብሎ ተወራብኝ። ይውራ። ልጁ ግን ከኅዳር ወዲህ መተኛት ጀመረ፤ ሰው ያዋራል፣ ዳልቻውንም ውሃ ያጠጣል።

ታዲያ በቅበላው ሳምንት፣ ሁሉም ሰው ጾሙ ሳይገባ ሲበላ ሲጠጣ፣ ልጄ ከሰኞ ጀምሮ ኪኒኑን አልውጥም አለኝ። ለምን ብዬ ብጠይቀው አባዬ በሁዳዴ አይውጥም ነበር አለ። አባዬ ጎበዝ ጿሚ ነበረ፣ እኔም እንደሱ ነው የምሆን አለ። ዓለምዬ፣ ያን ጊዜ ምን እንደሆንሁ በዚህች ጽሕፈቴ ልነግርህ አልችልም። ሳህኑን አስቀምጬ ወጣሁ።

የሄድሁት ቄስ ጥሩነህ ቤት ነው። አባቴ ይፍቱኝ ብዬ ተንበርክኬ መሐላዬን አፈረስሁት፤ ያንተን ሁሉንም ነገርኋቸው። እሳቸው መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ያን ዓመት ቅዳሴ እስኪያልቅ ቆመህ ሲያዩህ፣ ፊትህ ሲከሳ ሲያዩህ፣ ጾሙ የጠናለት ሰው ብለው በልባቸው ሲያመሰግኑህ እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

“ቢጠይቀኝ ኖሮ በአንድ ቃል እፈታው ነበር። አንድ ቃል ነበረ፣ ጥሩዬ።”

ወደ ቤቴ ስመለስ እየሰደብሁህ ነው የተመለስሁ። አንድ ቃል ነበረ፣ አንተ ሰው። አንድ ቃል አፍረህ እኛን ጥለኸን ሄድህ።

ዛሬ ጠዋት ቄሱ ራሳቸው መጡ። በጾም አፋቸው መደቡ ላይ ከልጁ ጎን ተቀመጡ። ዳቦውን ባርከው ቆረሱለትና የታመመ ሰው መድኃኒቱን መውሰዱ ጾም አይገድፍም፣ ያንተን ሰዓት እናትህ ትጾምልሃለች አሉት። እኔ ነኝ ልጹምለት ብዬ የጠየቅኋቸው። ልጁ ኪኒኑን መዳፉ ላይ አድርጎ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። አባዬስ አለ። ቄሱ እኔን አዩኝ።

ነገርሁት። አባትህ ያቆመው ምግቡን ብቻ አይደለም፣ ይኸን ኪኒንም ነው፤ ያቆመውም ሰው እንዳያውቅበት ብሎ ነው አልሁት። ገደሉንም፣ ጥጃ እንዳልነበረም ነገርሁት። ይጮኻል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልጮኸም። አባዬን ያመው ነበር ማለት ነው ወይ አለኝ። አዎ፣ ያመው ነበር አልሁት። ዳቦውን ነከሰና ኪኒኑን ዋጠው።

ነገ ይውጠው አይውጠው አላውቅም። ጾሙ ረጅም ነው፤ ሞላ እርሻውን ቢያርስልንም ተቀይሞ ደጃችንን አይረግጥም፤ መድኃኒቱም ሐኪም ቤት የሚጠፋበት ጊዜ አለ፣ ያን ጊዜ ባሕር ዳር ድረስ መሄድ ነው። እፈራለሁ። ግን ጠዋት ጠዋት አጠገቡ እቀመጣለሁ።

ቃል የምገባልህ ይኸን ነው። ስምህ በተነሣ ቁጥር፣ ለቅሶ ቤትም ይሁን ገበያ፣ ባልሽ በምን ሞተ ያለኝን ሰው አዳልጦት ነው አልለውም። ብትቆጣም ተቆጣ። ታሞ ነው የሞተው፣ መድኃኒትም ነበረው እላለሁ።

ባለቤትህ ጥሩዬ