ለልጆች የፋሲካን ገበታ ሲስሉ የኖሩት እኅታችን

እኅታችን ከመጽሐፍ ጠራዥ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የካቲት 3 ቀን 1942 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ነበሩ፤ ሁለቱ ታላላቆቻቸው በሕፃንነታቸው በማረፋቸው ግን እንደ በኩር ልጅ አደጉ። ታናሻቸው እኔ የተወለድኩት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ይህን እንድጽፍ የታዘዝኩትም እኔ ነኝ። ከተንዛዛ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እርሳቸው ቢሆኑ በአንድ ሥዕል ይጨርሱት ነበር።

አባታችን ማታ ከማተሚያ ቤት ሲመለሱ ከመጽሐፍ ጠርዝ የተቆረጠ ቁራጭ ወረቀት በኪሳቸው ይዘው ይመጡ ነበር። ወረቀቱ ክንድ ያህል ይረዝማል፤ ወርዱ ግን ከሦስት ጣት አይበልጥም። ለቆመ ሰው ስለማይበቃ እኅታችን ሰዉን ሁሉ አስቀምጠው ይስሉታል፤ ጎን ለጎን፣ ትከሻ ለትከሻ። እናታችን ያንን እያዩ ይህች ልጅ ሰው ሲቆም አትወድም ይሉ ነበር።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራችን ትምህርት ቤት ተከታተሉ። የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳሉ አባታችን በሳንባ ሕመም ሞቱ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ተማሪ፣ ከሰዓት የእናታቸው ረዳት ሆኑ፤ የዚያን ጊዜ በሰፈሩ የሚለበስ ሸሚዝ ሁሉ ቁልፉ የተተከለው በእርሳቸው እጅ ነው ቢባል ብዙ ውሸት የለውም። ከመምህራን ማሠልጠኛ በ1961 ዓ.ም. ተመርቀው በአንድ የሕፃናት ትምህርት ቤት መምህርት ሆነው ተቀጠሩ። ክፍሉ አንድ መስኮት ነበረው፤ ልጆቹ አርባ ስድስት ነበሩ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ፋሲካ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ስለ በዓሉ የሚናገር የሥዕል መጽሐፍ ለልጆቹ አነበቡላቸው። በመጽሐፉ ውስጥ አባት፣ እናት፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ሰፊ ገበታ ከበው ተቀምጠዋል። አክስቷ የምታሳድጋት አንዲት ልጅ ከኋላ ተነሥታ መጣችና ገጹን በጣቷ ፈለገችው።

«መምህር፣ እኛ የቱ ጋ ነን?»

አብረው እስከ መጨረሻው ገለጡት። አልነበሩም። እኅታችን የዚያን ቀን ሌላ ማስተማር አልሆነላቸውም። ማታ ነገሩን ለእናታችን ሲነግሯቸው እናታችን ከስፌት መኪናቸው ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ታዲያ አንቺ ለምን አትስዪያትም?» አሉ።

እንዲህ የተጀመረው «ጠጋ ጠጋ በሉ» የተባለው የመጀመሪያ መጽሐፋቸው ነው። በአንዲት ጠባብ ክፍል አክስትና ሦስት ልጆች የፋሲካን ቁርስ ሊበሉ ሲሉ በሩ ይንኳኳል፤ ጎረቤቱ ሽማግሌ ይገባሉ፤ ከአዳር የወጣው ዘበኛ ይገባል፤ ሰው በገባ ቁጥር ሁሉም ጠጋ ጠጋ ይላል። አሳታሚው መጽሐፉን ወደዱት፤ አንድ ነገር ብቻ ጎደለው አሉ። ገበታው ራስጌ ላይ አባት ይቀመጥ፣ ያኔ በማግስቱ እናትመዋለን አሉ። እኅታችን ሥዕሉን ይዘው ቤት ገቡና ሁለት ምሽት በራቸውን ዘጉ። እምቢተኛ ስለሆኑ አይደለም፤ ሞክረውታል። በስስ ወረቀት አንድ አባት ሥለው በገበታው ላይ ደርበው አዩት፤ ሰውየው ቤት ተሳስቶ የገባ ይመስላል ብለው ቀደዱት። መጽሐፉንም ያለ አባት መለሱት። አሳታሚው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

መሳቢያው ውስጥ ዓመታት ተቀመጠ። ያገኙት የአሳታሚው ቤት አራሚ ነበሩ፤ ሌላ ረቂቅ ሲፈልጉ እጃቸው ገባ። ዝምተኛ ሰው ነበሩ፤ አልተከራከሩም። በየዓመቱ የበዓል መጻሕፍት የሚመረጡበት ሳምንት ሲደርስ ከመሳቢያው እያወጡ አለቃቸው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት ነበር። በመካከሉ የመጽሐፉን ደራሲ፣ እኅታችንን፣ ሊተዋወቁ ሄደው፣ በ1967 ዓ.ም. አገቧቸው። መጽሐፉ የታተመው ከሠርጉ ሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ስለዚህ በቤተሰባችን አሳታሚው ለሠርጉ ዘገዩ ይባላል። ሴት ልጃቸው በ1968፣ ወንድ ልጃቸው በ1972 ዓ.ም. ተወለዱ።

ከዚያ በኋላ ዐሥራ ሰባት መጻሕፍት ሠሩ፤ ሁሉም ስለ ፋሲካና ስለ ቤተሰብ ናቸው። ሌላ ነገር እንዲስሉ ሲጠየቁ ገና ያልተቀመጠ ሰው አለ ይሉ ነበር። በየማለዳው ከዐሥራ አንድ ሰዓት እስከ ትምህርት ቤት ደወል ይስላሉ፤ ቀን ያስተምራሉ። የበዓል መጽሐፍ ከበዓሉ በኋላ ቢወጣ ማንም ስለማያየው፣ በዓሉ በቀረበ ቁጥር ከማስተማር ሲወጡ በቀጥታ ወደ ማተሚያ ቤት ሄደው ቢጫው ቢጫ፣ ፊቱ ፊት መምሰሉን ቆመው ያያሉ። የፋሲካ ዕለት ጠዋት ሌላው ሰው ሲነሣ እርሳቸው ገና እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ልጆቻቸው አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው ወደ እኔ ቤት ይመጣሉ። ለዐሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ነበር፤ እኔም ወደድኩም ጠላሁም እናት ሆንኩ።

በአንዱ መጽሐፍ ላይ ዘጠኝ ሰው ሥለው ስምንት ሳሕን አደረጉ። አንዲት አንባቢ ልጅ አንድ ሰው አልበላም ብላ ደብዳቤ ጻፈች። ስሕተት ነበር፤ ለእኔ ነግረውኛል። ለልጅቱ ግን የመለሱላት፣ ያቺ እናትየዋ ናት፣ እርሷ ቆማ ነው የምትበላው ብለው ነው። መልሱ በማተሚያ ቤቱ ሲነበብ ሴቶቹ ሠራተኞች ሳቁ።

በ1986 ዓ.ም. ባለቤታቸው ቀኝ ጎናቸው ሽባ ሆነ። እኅታችን የሥዕል ጠረጴዛቸውን ከአልጋው አጠገብ አመጡት። ዘጠኝ ዓመት አገላበጧቸው፣ አጠቧቸው፣ አጎረሷቸው፤ ወንድ ልጃቸው ያኔ ገና ዐሥራ አራት ዓመቱ ቢሆንም ከጎናቸው አልተለየም። ባለቤታቸውም በግራ እጃቸው እርማት ማድረጋቸውን አልተዉም፤ አንድ ነጠላ ሰረዝ ለማስተካከል ረፋዱ ያልቅ ነበር።

ሴት ልጃቸው በ1990 ዓ.ም. በሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ልትሄድ ስትል ሻንጣዋን በር ላይ አስቀምጣ ተናገረች። ድምፅዋን አላነሣችም።

«እማዬ፣ ያቺ ቆማ የምትበላው እንኳ ቤት ውስጥ ነበረች።»

እኅታችን ብሩሽ እያጠቡ ነበር፤ ማጠባቸውን ቀጠሉ። ከሳምንት በኋላ ለእኔ፣ «እውነቷን ነው። ግን እጄ ሌላ ነገር አያውቅም፤ ምን ላድርግ?» አሉኝ።

ባለቤታቸው በ1995 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ሁለት ዓመት ምንም አልሣሉም። በ1997 ዓ.ም. ፋሲካን በቤታቸው አዘጋጁ፤ ገበታውን በገዛ እጃቸው ዘረጉ። ልጃቸውን የጠሯት ከሦስት ቀን በፊት ብቻ ስለነበር ፈቃድ አላገኘችም፤ አልመጣችም። እኛ በላን። እርሳቸው ሳሕኑ ሳይነሣ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ማንም አልቀሰቀሳቸውም። በቀጣዩ ሳምንት ወደ ሥዕላቸው ተመለሱ።

በ2002 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ያን ጊዜ ሁለቱም እጆቻቸው መንቀጥቀጥ ጀምረው ነበር። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጧቸው፤ ዕረፍትም አዘዙላቸው። መድኃኒቱን ብቻ ወሰዱ። ኋላ ላይ መስመሩን እየጎተቱም ቢሆን ይሠሩታል፤ ቀለሙ ግን አልታዘዝ አለ። ይህን ለልጃቸው በስልክ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ እርሳቸው እንዳልናገር አስጠንቅቀውኝ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የሁለት ሳምንት ፈቃድ ይዛ መጣችና እዚያው ቀረች። በመካከላቸው ይቅርታ የሚባል ቃል ሲወጣ አልሰማሁም። የሰማሁት ስለ ቢጫ ቀለም ሲከራከሩ ነው። ልጅቱ ቀለሙን ትቀምማለች፣ ወረቀቱን ትይዛለች፣ የእናቷን ክንድ ከታች ትደግፋለች። እናት በዛ ይላሉ፣ ልጅ አልበዛም ትላለች። በዚያ ዓመት ፋሲካ ሦስታችን ቁጭ ብለን በላን፤ ቢጫውም እንደገና ተነሣ።

የመጨረሻው መጽሐፋቸው ሃያ አራት ገጽ ነበር፤ አንዲት አሮጊትና ልጃቸው ብቻቸውን በዓል ሲያከብሩ ያሳያል። ዐሥራ ስምንቱ ገጽ ቀለም እንደተቀባ ባለፈው ጥቅምት እኅታችን ከአልጋ መነሣት አቃታቸው። አሳታሚው ቤት የቀረውን ስድስት ገጽ የሚጨርስ ወጣት ሠዓሊ ላከ። ልጁ በአክብሮት ተቀመጠ፤ ሥራዎቹንም አሳየ። ሥራው ጥሩ ነበር፤ እኅታችን ግን ራሳቸውን ነቅንቀው እምቢ አሉ። ልጃቸው እኔ ልጨርሰው አለች፤ ለእርሷም ራሳቸውን ነቀነቁ። ቃል ማውጣት ከባድ ሆኖባቸው ስለነበር ብዙ ጠበቅን።

«ይቅር። የቀረውን ልጆቹ ይቀቡት።»

አሳታሚዎቹ ያልተጨረሰ መጽሐፍ አይሸጥም ብለው ነበር። ልጃቸው ሦስት ጊዜ ተመላልሳ አሳመነቻቸው። መጽሐፉ ስድስቱ ገጽ በመስመር ብቻ እንዳለ፣ ከፋሲካ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ወጣ። ከበዓሉ በኋላ ልጆች የቀቧቸውን ገጾች እየላኩ መጡ። እኅታችን በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ አዩዋቸው። አንዱ ልጅ አሮጊቷን ከእግር እስከ ራሷ ሰማያዊ አድርጓት ነበር፤ እርሳቸውም ለረጅም ጊዜ ተመልክተው «ይህችኛዋ በርዷታል» አሉና ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው የዚያን ቀን ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ሕመሙ መዋጥ ከለከላቸው። በሕክምናና በቤተሰባቸው እንክብካቤ ሲረዱ ቆይተው፣ ሐምሌ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ ልጃቸው ትራሳቸውን ስታስተካክል፣ በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው ዐረፉ።

እኅታችን የሁለት ልጆች እናትና የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። እኔን ታናሽ እኅታቸውን፣ እንዲሁም በዚያች ባለ አንድ መስኮት ክፍል ያስተማሯቸውንና ዛሬ ፀጉራቸው የሸበተ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። ገጾቹ አሁንም እየመጡ ነው፤ ትናንት ስንቆጥር አርባ አንድ ደርሰዋል። ገጾቹን የላኩት ልጆች የእርሳቸውን መሞት አያውቁም። ልጃቸው ለእያንዳንዱ መልስ እየጻፈች ነው፤ እስካሁን ዘጠኙን ጨርሳለች።

እግዚአብሔር ድካማቸውን አይቶ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል። ለእኛም ለደከምነው፣ ነገ ጠዋት ያንን የእርሳቸውን ቤት ከፍተን የምንገባበትን ጉልበት ይስጠን።