የሞተሩ አራት እግሮች

ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? ያ ጉንፋን ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ያስልሻል? እኛ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ያማታል፣ አፏ ግን ደህና ነው። ይህን የሚጽፍልኝ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነው፤ ከአፌ የወጣውን እንዳለ አስፍር፣ አታሳምር ብዬዋለሁ።

ባለፈው በስልክ "አባዬ፣ ጀልባዋ መንቀጥቀጧን ካልተወች ሽጣትና እናቴን ይዘህ እኔ ጋ ና" አልሽኝ። እኔም እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከለች እሸጣታለሁ ብዬ ቃል ሰጠሁ። ቃሌን አላጥፍም።

ሞተሩ የሚስተካከለው ጀልባዋ ውሃ ላይ ሆና ነው ስትይኝ፣ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ብዬ ስቄብሻለሁ። አርባ ዓመት ሰው ያሻገርኩትን ሰውዬ፣ ትናንት ጀልባ መጠገኛ የገባሽው አንቺ ልትመክሪኝ? ጀልባዋን ደረቅ ላይ አውጥቼ፣ ግንድ ላይ አስቀምጬ፣ የሞተሩን አራት እግሮች ዳዶ እያላላሁ ከፍ ዝቅ አደረግኋቸው። የሞተሩ ክብ ብረትና ውሃውን የሚገፋው የውልብልቢቱ ዘንግ ክብ ብረት ፊት ለፊት ተሳሳሙ። የላክሽልኝ ስስ የክፍተት መለኪያ እንኳ በመካከላቸው አላልፍ አለ። ኮራሁ። ውሃ ስትገባ ግን እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠች። ጎርናናው የምንለው ባለጀልባ ከማዶ ሆኖ "አያ፣ ሰው ነው የምታሻግረው ወይስ ወተት የምትንጠው?" አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

ሁለት ቀን ሥራ ፈትቼ ቤት ዋልኩ። ልትሸጥ ነው ሲባል የሰማ አንድ ገዢም መጥቶ ዙሪያዋን አይቷት ሄደ። በሦስተኛው ቀን ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ያልሽውን አደረግሁ። እንጨቱ ቅርጹን ይያዝ ብዬ ውሃ ላይ አስሬ ተውኳት። ቀን ቀን እሷው ውስጥ ጋደም እላለሁ። ጭጋጉ ውሃውንና ሰማዩን አንድ ያደርጋቸዋል፤ የት እንዳለሁ ይጠፋኛል። ጣውላው ቀስ እያለ ሲፍታታ፣ እንደተኛ ሰው ሲተነፍስ፣ በጀርባዬ ይሰማኛል። አንዴ ሸለብ ሲያደርገኝ ከሞተሩ ወዲያ ተቀምጠሽ "ትንሽ ቆይ፣ አባዬ" ስትይኝ ሰማሁ። ቆየሁ።

ከዚያ ለካሁ። መለኪያው ከላይ ሰተት ብሎ ገባ፣ ከታች እምቢ አለ። ደረቅ ላይ የተሳሳሙት ብረቶች ውሃ ላይ ተኳርፈዋል። የፊተኞቹን ሁለት እግሮች ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር እያልኩ ከፍ አደረግሁ፤ ከላይም ከታችም፣ ከግራም ከቀኝም እኩል ሲሆን አጠበቅሁ። በማግስቱ ስንሻገር ውሃው መሃል ላይ አንዲት ተሳፋሪ "ሞተሩ ጠፋ እንዴ?" ብላ ደነገጠች። አልጠፋም። እንደዚያ ዝም ብሎ ነው የሄደው፤ እኔም መሪውን ይዤ የማልም መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ እቅጩን ልንገርሽ። ጀልባዋ አትሸጥም፣ እኔም አልመጣም። ያስቀረኝ የራስሽ ምክር ነው። እናትሽ ይህን ስትሰማ ፊቷን አዞረች፤ ለካ ሻንጣዋን ከፍታ ልብሷን ማጣጠፍ ጀምራ ኖሯል። ስለዚህ እሷ ትምጣ፣ አንቺ ጋ ትክረም። ባዶ ቤት ምን እንደሚመስል እኔ አየዋለሁ። አንቺም ትክክል ነበርሽ። ይህችን ቃል ልብስ ሰፊው አልሰማሁም ብሎ ሁለቴ አስደግሞኛል።

አማቼን ሰላም በይልኝ። ትልቋን ጉንጯን፣ ትንሹን ግንባሩን ሳሚልኝ። ሥራ ቦታ ያለውን አለቃሽንም ሰላም በይው፤ ልጄን ያስተማርከው እኔ ዘንድ ደርሷል በይልኝ።

አባትሽ
ከመሻገሪያው፣ ኅዳር 17 ቀን