ዓይኔን ጨፍኜ ስረጋጋ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ያ ወገብሽስ ተሻለው? እናታችን እህል ትቀምሳለች ወይስ አሁንም «ጠግቤያለሁ» እያለች ታታልላችኋለች? ጋሼስ ደህና ነው? እኔን ከጠየቅሽኝ በቁሜ አለሁ። ደህና ነኝ ብልሽ ውሸት ነው፤ ደህና አይደለሁም እንዳልልሽ ደግሞ ትናንት ቁጭ ባልኩበት ጥሩ እንቅልፍ ወስዶኛል። የቱን እንደምጽፍልሽ ስለጠፋኝ ሁሉንም ልጻፍልሽ።

ባለቤቴ ፋብሪካችን ውስጥ ማራገቢያ ሲጠግን ከመሰላል መውደቁን በስልክ ነግሬሽ ነበር። እስካሁን አልጋ ላይ ነው። ለመተንፈሻ ጉሮሮው ላይ ቱቦ ስለገባለት ድምፅ የለውም፤ እጁም አይታዘዝለትም። ሐኪሙ ሊያናግረው ቢሞክር ዓይኑን ከመክደን በቀር መልስ አላገኘም። ኦፕራሲዮን ካልተደረገ እንደተኛ ሊቀር እንደሚችል፣ ከተደረገ ደግሞ ከዚያው ላይነሳ እንደሚችል ነገረኝና «አስቢበትና መልስ ስጪን» አለኝ። እኔ የመጋረጃ ቀለም መምረጥ የሚያቅተኝ ሴት፣ በምን አቅሜ ነው ይህን የምመርጠው?

«መጀመሪያ ልብሽን አሳርፊ፣ ከዚያ ትወስኛለሽ» ያላለኝ የለም። አንቺም ብለሽኛል። ልብ እንዴት እንደሚያርፍ ግን ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ነገር አይነግረኝም። አከራዬ «አልቅሺና ይውጣልሽ» ትለኛለች፤ እናታችን «እንዳታለቅሺ፣ ሟርት ነው» ትላለች። አለቃችን «ሥራ ያስረሳል» ቢለኝ ወደ ሽመናው ተመለስኩ፤ ክር በተበጠሰ ቁጥር እኔም አብሬ ስበጠስ አየና ራሱ ወደ ቤት ሸኘኝ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አይደል የሚባለው? ሁሉንም ሞከርኩ። አልቅሼም፣ ለቅሶዬን ውጬም ያው ነኝ።

በመጨረሻ አንዷ ነርስ፣ አንጀቷ የሚራራ ሴት ናት፣ «አጠገቡ ቁጭ በይ፣ እጁን ያዢ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ፤ አንቺ ስትረጋጊ እሱም ይረጋጋል» አለችኝ። እንደ ጎበዝ ተማሪ በሄድኩ ቁጥር እጨፍናለሁ። እውነቱን ልንገርሽና መጨፈኑን የወደድኩት ፊቱን ላለማየት ነው። ያ የማውቀው ፊት እንዲያ ከስቷል።

ትናንት ከሰዓት ግን በራሴ ተናደድኩ። አየር ስስብ «ይደረግ»፣ ሳወጣ «ይቅር» እያልኩ መሆኔን ሰማሁት። ምን ዓይነት መረጋጋት ነው ይሄ ብዬ ዓይኔን ብገልጥ፣ ባለቤቴ ትክ ብሎ እያየኝ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። እያወራኝ ነበር!

እንደምታውቂው በእኛ ፋብሪካ የማሽኑ ጩኸት ድምፅ አያሰማም፤ የምንግባባው በከንፈር ነው። እንጋባ ያለኝም ከማሽኖቹ ማዶ ሆኖ በከንፈሩ ነበር፤ ረድፉ በሙሉ ስላነበበው እኔ እሺ ከማለቴ በፊት ሰው ሁሉ እሺ ብሎልኛል። እንዲህ ያለው ሰው ከመቼ ጀምሮ ሲያወራኝ እንደነበር እግዜር ይወቅ፣ እኔ አጠገቡ ዓይኔን ጨፍኜ እረጋጋለሁ! ልሳቅ ወይስ ላልቅስ?

የሐኪሙን ጥያቄ በከንፈሬ አቀረብኩለት፤ ሁለቱንም መንገድ፣ ምንም ሳልደብቅ። «ይደረግ» አለኝ። ቀጠለና «ፈርቻለሁ» አለ። እትዬ፣ ይህ ሰው በትዳር ዘመናችን ይህ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። አይጥ አይቶ ወንበር ላይ ሲወጣ እንኳ «ከላይ በደንብ ይታያል» ነው የሚለው።

«አይዞህ» ልለው ነበር፤ ስለማመድ የሰነበትኩት ይህንኑ ቃል ነው። ከንፈሬ ግን «እኔም» አለ። እሱ ዓይኑን ከደነ፣ እኔንም እዚያው ወንበር ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። ከወደቀ ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። ግራ የገባኝ ይሄ ነው፤ ባሏ ፈራሁ ያላት ሴት ትደነግጣለች እንጂ ትተኛለች? ሰላም ይሁን ድካም አላውቅም። ፍርሃቱ እንደሆነ የትም አልሄደም፤ ስነቃ እዚያው ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። አንቺ ከእኔ ይልቅ ብዙ አይተሻልና ካወቅሽው ንገሪኝ።

ዛሬ ሐኪሙ መጥቶ በእኔ አስተርጓሚነት ደጋግሞ ጠየቀው፤ መልሱ አልተለወጠም። ነገ ጠዋት ይገባል። ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ የሚሆነው ሆኗል።

የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ። የመረጠው እሱ ራሱ መሆኑን ንገሪያት፤ የቀረውን እንደሚመችሽ አድርጊው። ጋሼን በጣም አድርገሽ ሰላም በይልኝ። ትልቁ ልጅሽ ለፈተናው በርትቶ ያጥና፤ ጥያቄ የማያልቅባትን ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ።

እሱም ሰላም ብሎሻል፤ ከከንፈሩ ላይ አንብቤ ነው የጻፍኩልሽ። ስትመልሺለት አይዞህ አትበይው፤ አይዞህ ያላለው ሰው የለም። እኛም ፈርተናል በይው።

ታናሽ እህትሽ
ከሆስፒታሉ ኮሪደር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ
ረቡዕ፣ ኅዳር 9 ቀን