ካውያው ብቻ የሚሰማበት አራት ደቂቃ

ሰብልዬ፣

ፊልምሽ ባለፈው ዓርብ አል ነስር ሰፈር፣ በቤተ ክርስቲያን ማኅበራችን ሰብሳቢ በጋሽ ደምሴ ሳሎን ታየ። ርዝመቱ ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ነው። አንቺ የጨረስሽው በሃያ ሁለት ነበር።

አስከሬንሽን ወደ አገር ቤት ከሸኘሁ ሰባት ወር ሆነ። አል አስማኽ ሰፈር የነበረንን ክፍል ለቅቄ ሰናይያ ያለ የሠራተኞች ካምፕ ገብቻለሁ፤ ስድስት ሆነን ነው የምናድረው። አሠሪሽ ማዳም ሻንጣሽን በሹፌሯ ላከችልኝ። ስልክሽ ውስጡ ነበር፤ ቻርጅ እያደረግሁ አስቀምጬዋለሁ።

የመጨረሻውን ትዕይንት የቀረጽንበትን ዓርብ አልረሳሁም። አንቺ የምትጫወቻት የቤት ሠራተኛ የእናቷን ሞት በስልክ ትሰማለች። እንግዳ እየመጣ ነውና የአባወራውን፣ የባባን፣ ነጭ ቶብ፣ ያን ረጅም ቀሚሱን፣ መተኮሷን አታቆምም። አራት ደቂቃ ሙሉ ካውያው ብቻ ይሰማል። አንድ ጊዜ ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል። ጸሎቷን ለምን አናሰማም ብልሽ፣ «የሚሰማት ሰምቷታል፤ አንተ ስልኩን አታንቀጥቅጥ» አልሽኝ። ምን እንዳልሽ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የማኅበሩ ኮሚቴ ድምፁ የጠፋ መሰለው። ዝም የሚል መንፈሳዊ ፊልም አይተው አያውቁም። ስለዚህ የማኅበሩን መምህር ጠርተው በአራቱ ደቂቃ ላይ ስብከት ጫኑበት። ያ አልበቃ ብሎ መምህሩ ራሳቸው ፊልሙ ላይ ብቅ አሉና ሰባት ደቂቃ ስለ ትዕግሥት አስተማሩ። ስብከቱ ስሕተት የለበትም፤ ቤተ ክርስቲያን ብሰማው ደስ እያለኝ እሰማው ነበር። ግን ካውያው የለም። ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ የሚወጣው የእሳቸው ድምፅ ነው።

ሰው ሲበተን፣ አንዲት ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ጫማዋን እየፈለገች፣ «እናቴን አስታውሳኝ ላለቅስ ስል መምህሩ ጀመሩና እንባዬ ደረቀ። ኃጢአት ይሆንብኛል እንዴ?» አለችኝ። ጫማዋን ፈልጌ ሰጠኋት።

ጋሽ ደምሴን አነጋገርኳቸው። «በለቅሶዋ ላይ የፊልሙን ፋይል ሰጥተህ ያሻችሁን አድርጉ ያልከን አንተ ነህ» አሉ። «ደግሞስ ትምህርት ከሌለው ምኑ መንፈሳዊ ሆነ? ኸላስ፣ አለቀ፤ ሰው አሜን ብሏል።»

እውነታቸውን ነው፤ ብያለሁ። በለቅሶሽ ቀን ፊልሙ ላይ ፊትሽን ማየት ስላልቻልኩ፣ ሳላየው አውጥቼ ሰጠኋቸው። ከስብከቱ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። አንቺ አንድ ዓመት ሙሉ በዕረፍት ቀንሽ፣ ዓርብ ዓርብ፣ የለፋሽበትን እኔ በአንድ ቃል ለቀቅሁት።

አሁን በስምሽ ኢንተርኔት ላይ ሊያወጡት ነው። ወይ አንቺ እንደጨረስሽው ይውጣ፣ ወይ ስምሽ ከላዩ ይሰረዝ ብያቸዋለሁ። ያልተነካው ቅጂ ስልክሽ ላይ አለ፤ ይዤላቸው እሄዳለሁ፤ አራቱን ደቂቃ ተቀምጠው ይሰሙታል። የፈለጉትን ቢወስኑ፣ እኔ በሕይወት እስካለሁ የማስታውሰው የካውያውን ድምፅና ያልሰማሁትን ቃልሽን ነው።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው የፊታችን ዓርብ፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው።