ለጋሼ አስናቀው የሄደች መልእክት

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ዛሬ ምንም የለም። ሥራ፣ ሥራ፣ ሥራ።

ጎበዙ ግን ዛሬም አሳቀን። ጎበዙ ያልነው አዲሱን ሶፍትዌር ነው። ሐኪሞቹ የጻፉትን አንብቦ የበሽታውን ኮድ ራሱ ያወጣል፣ እኔ አይቼ አጸድቃለሁ። ጎጃም በረንዳ የልብስ ቦንዳ እግሩ ላይ የወደቀበት ተሸካሚ መጥቶ ነበር። ጎበዙ ምን ብሎ ኮድ ሰጠው? ከዛፍ ላይ መውደቅ! ሙናዊር በሳቅ ሞተ። "መርካቶ ውስጥ ዛፍ ካገኘ ለኛም ያሳየን!" አብሮኝ ካርድ ክፍል የሚሠራው ሙናዊር እንደዚህ ነው፣ ቁም ነገር አያውቅም።

አንድ ነገር ጨምረውበታል። ካጸደቅኩ በኋላ የበሽታው ስም በአማርኛ ለታካሚው ስልክ በቀጥታ ይሄዳል። "መልእክት አይላክ" የምትል ሣጥን አለች፣ እሷን ከነካሁ ብቻ ይቀራል። ደብቁልን የሚል ቤተሰብ ብዙ ነዋ። እዚህ አገር ማን ደፍሮ ለበሽተኛ ካንሰር ይዞሃል ይላል?

እማዬ ዛሬም ከቤት አልወጣችም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

አየሁት። ጋሼ አስናቀውን አየሁት! ኮሪደሩ ላይ፣ ልጁን በሪሁንን ተደግፎ። ከስቷል፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። በአጠገቤ አለፈ፣ አላወቀኝም። የእትዬ ሠርኬ ልጅ መሆኔን ማን ይንገረው...

ካርድ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ከፍርሃት አይደለም፣ ከንዴት ነው።

ሦስት ዓመት ሆነ። ሸማ ተራ አንድ ሱቅ ከእማዬ ጋር ተካፍለው ይሠሩ ነበር። የፋብሪካ ጨርቅ የሸማኔ እጅ ነው ብሎ ለሙሽራ ቤተሰብ የሸጠው እሱ። ሲነቃበት ግን ያ ሁሉ ደንበኛ ፊት ጣቱን ወደ እማዬ! "እሷ ናት፣ እኔ የማውቀው የለም።" ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ከነነጠላዋ ከሱቁ አስወጣት። ከዚያ በኋላ ማን ከሷ ይገዛል? አጭበርባሪዋ ሠርኬ! የሰው ሳንቲም የማትነካዋ እናቴ! ይኸው ሰው ፊት መቆም አፍራ ቤት ተቀምጣለች።

ማየቴን አልነገርኳትም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ፋይሉ እኔ ጋ መጣ። ሙናዊር ጋ ሊደርስ ይችል ነበር፣ እኔ ጋ መጣ።

የጉበት ካንሰር። ተሰራጭቷል። ጎበዙ ዛሬ አልተሳሳተም፣ ሲ ሃያ ሁለት ብሎ ኮዱን ቁጭ።

የምታክመው ዶክተር ፀደንያ ራሷ ወረደች። "ይሄ ሰውዬ እንዳይነገረው፣ እሺ? ልጆቹ ጨጓራ ነው ብለውታል። መልእክቷን አጥፊልኝ።"

"እሺ ዶክተር።"

እሺ አልኩ። ግን አላጸደቅኩም፣ ሣጥኗንም አልነካሁም። ፋይሉን ከፍቼ እስከ መውጫ ሰዓት አፈጠጥኩበት። ባልነካት ምን ይመጣል? ረሳሁ ማለት ነው። ሰው ይረሳል። ሲስተሙ ነው እላለሁ... ማሽን አይከሰስ።

ብቻውን ሆኖ ስልኩን ከፍቶ ያንብባት። እማዬ ያን ቀን እንደደነገጠችው ይደንግጥ። አንዴ እንኳ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣ!

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሣጥኗን ሳልነካ አጸደቅኩ። ሄደች።

እሑድ፣ ኅዳር 14

እንቅልፍ የለም... አይ፣ ውሸት። ጥሩ አድርጌ ተኝቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን ግን አልሄድኩም። እማዬ "አሞሻል እንዴ?" አለችኝ። ደክሞኝ ነው አልኳት።

ሲያነብ ምን ብሎ ይሆን? ጮኸ? አለቀሰ? ፊቱን ሳላይ መቅረቴ ያንገበግበኛል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

በሪሁን መጣ፣ እየጮኸ። "አባቴን ገደላችሁት! ከዓርብ ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገረም!" የካርድ ክፍሉ በር በሰው ተሞላ። ዶክተር ፀደንያ እኔን አየችኝ።

"አጥፊያት አላልኩሽም?"

"ያጠፋሁ መስሎኝ... እንጃ ዶክተር፣ ሲስተሙ ይሆናል።"

ሙናዊር ነገር ሲካረር አይወድም፣ በቀልድ ገባበት። "ሰውን ከሌለ ዛፍ የሚጥል ሲስተም፣ ይሄ ምኑ ይገርማል?" ሳያውቅ አዳነኝ። መልእክት መላኩ ለጊዜው ይቁም ተባለ። አለቀ። ማንም አልጠረጠረኝም።

በሪሁን ሲወጣ ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ትንሽ ደስ ብሎኛል። ትንሽ።

እሑድ፣ ኅዳር 21

በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጋሼ አስናቀው! ከንስሐ አባቱና ከሁለት የሸማ ተራ ሽማግሌዎች ጋር። አወቀብኝ፣ ልክ ልኬን ሊነግረኝ ነው የመጣው አልኩ።

እኔን ዞሮም አላየኝ። እማዬ እግር ላይ ሊወድቅ ጎንበስ ሲል ተንገዳገደ፣ ሽማግሌዎቹ ያዙት።

"ሠርኬ፣ ያን ጨርቅ የሸጥኩት እኔ ነኝ። ትናንት ሸማ ተራ ሁሉንም ሰብስቤ በአፌ ተናግሬያለሁ። ይቅር በይኝ፣ ልሞት ነው።"

እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች። እኔ በሆዴ እምቢ በይው፣ እማ እምቢ በይው እላለሁ።

"እግዜር ይቅር ይበልህ" አለች። ከዚያ ሁለቱም ለቅሶ።

ሻይ ቀረበለት፣ ግማሹን ጠጣ። "ልጆቼ ጨጓራ ነው እያሉ ሳልናዘዝ ሊቀብሩኝ ነበር" አለ። "ስልኬ ላይ አንድ መልእክት መጣችልኝ። የላከልኝን ሰው እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጠው፣ የወለደችው እናት ትባረክ።"

"አሜን!" አለች እማዬ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "አሜን በይ እንጂ፣ ምን ዘጋሽ?"

አሜን አልኩ። ምን ልበል?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 30

እማዬ ሸማ ተራ ከተመለሰች ሳምንት አለፋት። ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሰፈሩን ሁሉ እንደምን አደራችሁ እያለች ትወጣለች። ማታ ስለ ደንበኛ ስታወራ አታባራም። ከት ብላ ስትስቅ ሰማኋት፣ ረስቼው ነበር ሳቋን። ዛሬ ደግሞ ብርቱካን ገዝታ ልትጠይቀው ሄደች። "አብረን እንሂድ" አለችኝ። ሥራ አለብኝ አልኳት። ሥራ አልነበረብኝም።

ይቅር ያለችው እሷ ናት። እኔን ማን ጠየቀኝ? ስታለቅስ ከግድግዳ ወዲህ ሆኜ የሰማሁት እኔ! በእናቴ ምትክ ከሰው የተጣላሁት እኔ! እንድታደነግጠው የላክኳት መልእክት ንስሐ አስገባችው፣ ሥጋ ወደሙ አስቀበለችው፣ እኔን ደግሞ አስመረቀችኝ። እንደዚህ ያለ በቀል የማን ነው? የኔ ብቻ!

ከሰዓት ፋይሉን ከፈትኩት። ማንም ሳያዘኝ። የደም ምርመራ ውጤቱ ብሶበታል። ዶክተር ፀደንያ ከሁለት ወር አይዘልም ብላ ጽፋለች። ሁለት ጊዜ አነበብኩት... አዝኜ አይደለም። አይደለም አልኩ!

እንዳይሞትብኝ ፈርቼ ነው። እኔና እሱ ገና አልጨረስንም።