ምንጣፉ ሲመታ ያልለቀቀው እጅ

ውድ ወንድሜ በቃሉ፣

ሰላምታዬ ዳቡስንና ዴዴሳን ተሻግሮ አዳማ ድረስ ይምጣልህ። እንዴት ከርመሃል? ያ ጉልበትህ ዛሬም ደረጃ ስትወጣ ይጮኻል ወይስ ፍሬሕይወት በቅቤ አሽታ ዝም አሰኘችው? እሷስ እንዴት ናት? ሕፃኗስ ጥርስ አወጣች? እማዬም እኔም ለአካላችን ደህና ነን። ለልባችን ግን ደህና ነን ብዬ አልዋሽህም።

ለምን እንደ ወትሮዋ አልደወለችም ትል ይሆናል። ስልኬን እዩኤል እየከፈተ ማን ጋ እንደደወልኩ፣ ምን እንደጻፍኩ ያያል። ታናሻችን ይህን ጠባይ ከየት አመጣው ካልከኝ፣ ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና ከመነሻው ልንገርህ። ይህን ወረቀት የሰፈራችን የሺሀረግ አዳማ ለሕክምና ስትመጣ በመቀነቷ ቋጥራ ታደርስልሃለች።

ኅዳር ላይ አንድ ሰው አዳማ ሳትሄድ ማርሻል አርት ታስተምርበት የነበረውን አዳራሽ ጠይቆ ቤት መጣ። አዳራሹን ልከፍትለት ስሄድ በሩ ላይ ጫማውን አወለቀ፤ እጆቹን ከጭኑ አጣብቆ ለምንጣፉ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። አንተ ስትገባ የምታደርገውን ነው ያደረገው። ይህን የሚያውቅ የበቃሉ ወገን ነው ብዬ፣ ስሙን እንኳ በወጉ ሳልጠይቅ ቁልፉንም የተማሪዎቹንም መዝገብ ሰጠሁት። የማን ልጅ የት ሰፈር እንደሚኖር፣ ማን ምን ቀበቶ እንደታጠቀ ሁሉም እዚያ ላይ አለ። በገዛ እጄ ነው ወንድሜ፤ ሌላ ሰው አላማም።

መጀመሪያ ደግ መሰለኝ። አንተ ግድግዳው ላይ በቀለም የጻፍከውን እያነበበ ለልጆቹ አንድ በአንድ አሳያቸው፤ የጃፓኑን ካራቴና ጁዶ፣ የኮሪያውን ቴኳንዶ፣ የቻይናውን ውሹ፣ ታይላንዶች በጉልበትና በክርን የሚማቱትን፣ በብራዚል ባሮች ጭፈራ አስመስለው የተማሩትን ካፖይራ፣ ከድንበር ወዲያ ያለውን የኑባ ትግል። የማይችለው የለም። በሁለተኛው ወር ግን ግድግዳውን በኖራ አስቀባው። የሰው አገር ወግ ነው፣ ለእናንተ እኔ የማሳያችሁ አንዱ ብቻ ይበቃችኋል አላቸው። አንተ የዓለም ሕዝብ አመታቱ ይለያያል እንጂ ማቆሚያ የሌለው የለም ትለን ነበር፤ በጁዶ የተያዘ ምንጣፉን መታ መታ ሲያደርግ ይለቀቃል፣ በኑባ ትግል ጀርባው አፈር የነካ ተነሥቶ አቧራውን ያራግፋል። ሰውየው ያስቀረው ይህንን ማቆሚያ ነው። እጅ መንሣትም ቀረ።

ከሦስት ሳምንት በፊት እዩኤል የጎረቤታችንን የኢኽላስን ልጅ ዋሊድን አንገቱን ያዘው። በአዳራሹ መስኮት አየሁ። ዋሊድ ምንጣፉን መታ፤ ደገመ፤ ከዚያ መምታቱን ተወ። እዩኤል የሚያየው የሰውየውን ፊት ነበር። ሰውየው ራሱን ሲነቀንቅለት ነው የለቀቀው። የዋሊድ ነፍስ ተመለሰች፣ ድምፁ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ኢኽላስ ደጃችን መጥታ አልጮኸችም፤ «ወላሂ ጤናዬ፣ እኔ ዳኛ ጋ አልሄድም። የወንድምሽን ዓይን ግን ፈራሁ» ብላኝ ሄደች። እኔም ፈርቼዋለሁ።

አሁን ሰውየው ለወርቅ ቦታ ጥበቃ ነው እያለ ልጆች እየመረጠ በመኪና ይወስዳል። የትኛው ወርቅ ቦታ ሲሉት ፈገግ ይላል። በጥር መጀመሪያ የሄዱት የሦስቱ ስልክ አይሠራም። ወላጆቻቸው ድንበሩ ጋ ኩርሙክ ድረስ ሄደው ጠይቀው፣ አየኋቸው የሚል ሰው አጡ። የእዩኤል ተራ የካቲት ሰባት ነው። ባለፈው ሳምንት እማዬ ወደ አዳራሹ እንዳይሄድ ብላ በሩ ላይ ተኛች፤ ተራምዷት አለፈ። ያን ቀን በልጅነቱ በጀርባዬ ያዘልኩት ልጅ መሆኑን ተጠራጠርኩ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና እባክህ ያለህን ሥራ ጣልና ድረስልን።

እማዬ እያለቀሰች ሰላም ትልሃለች። ፍሬሕይወትን ሳምልኝ፣ ሕፃኗን ጉንጯን። ኢኽላስ ቂም ሳትይዝ ሰላም ብላሃለች፤ ዋሊድም በእጁ ምልክት ሰላም ብሎሃል። እዩኤልን ትናንት፣ በቃሉ ቢመጣ ትቀራለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ምንጣፍ ላይ ገጥሞኝ ከጣለኝ እቀራለሁ አለኝ፤ ሲናገረው ደስ ብሎታል። ና ወንድሜ፤ ምንም ቢልህ ግን አብረኸው ምንጣፍ ላይ እንዳትወጣ።

እህትህ ጤናዬ
አሶሳ፣ ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.