ስለ ተነቀለው ሃርድ ዲስክና ስለ ኦቦ ጉደታ ገብስ

ለክቡር የወረዳችን መሬት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና አቀርባለሁ። የሰኔው ጭጋግና ብርድ ጤናዎን እንዳልነካው፣ እንቅልፍዎም እንደ ወትሮው ሰላማዊ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ከመንገዱ በላይ መሬት ያለን ሰዎች እንቅልፍ ካጣን ወራት ስላለፉን፣ አላህ የእኛን ድርሻ ለእርስዎ ጨምሮ ይስጥዎ። በዚህ ግልጽ ደብዳቤ ላይ የወረዳውን ስም ያልጻፍኩት ለክብርዎ ስል ነው።

እኔ ከገበያው ዳር የገብስ ዘር የምሸጠው ፈይሩዛ ሊበን ነኝ። ካላስታወሱኝ፣ በታኅሣሥ ወር አዲሱ ኮምፒውተር በተመረቀበት ቀን፣ ከሟች አባቴ የወረስኩትን መሬት ወደ ስሜ ለማዛወር መጥቼ ቢሮዎ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ የዋልኩት ሴት ነኝ። ያን ቀን ላየሁት ነገር ሳላመሰግንዎ ይህን ያህል መቆየቴ ያሳፍረኛል።

አንደኛ፣ ስለ ቆራጥነትዎ አመሰግናለሁ። የሁላችንም የመሬት መዝገብ የነበረው በአሮጌው ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ መዝግባ ያኖረችው ከጎጃም ተመድባ የመጣችው ዘመናይ ስትሆን፣ እርሷን ከዚያ ቀን አንድ ወር አስቀድመው ወደ ሌላ ወረዳ አዛውረዋት ነበር። ዲስኩን ነቅሎ አዲሱ ላይ እንዲገጥም ከአሰላ የተጠራው የኮምፒውተር ጠጋኝ ፊሊጶስ፣ መፍቻውን ከማንሳቱ በፊት እንዲህ ብሎዎት ነበር፦ «ጌታዬ፣ ይህ ዲስክ የተቆለፈ ነው። አሮጌው ኮምፒውተር ስለሚያውቀው ሳይጠይቅ ይከፍተዋል፤ አዲሱ ግን የቁልፍ ቁጥር ይጠይቃል። ግማሽ ቀን ይስጡኝና እዚሁ እያለ ቁልፉን ልፍታው፤ ግልባጭም ላስቀር።» እርስዎም ከሰዓት በኋላ እንግዶች እንደሚመጡ አስታውሰው «ዕቃ ዕቃ ነው፤ ነቅለህ ግጠም» አሉት። ነቅሎ ገጠመ። አዲሱ ኮምፒውተር ሰማያዊ ገጽ አውጥቶ አርባ ስምንት አሃዝ ያለው ቁጥር ጠየቀ። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ወደ እርስዎ ስንመለከት፣ እርስዎ በመስኮቱ ወደ ውጭ ይመለከቱ ነበር።

ፊሊጶስ አልደነገጠም። «ግድ የለም፣ ወደ አሮጌው እንመልሰው፤ ይከፍተዋል» አለና ኮምፒውተሩን ሊያመጣ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለዚህ ነው። ዲስኩ ከተነቀለ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ፣ አሮጌው ኮምፒውተር በፒክአፕ ተጭኖ ሄዶ ነበር፤ ዘበኛውም ወዴት እንደሄደ አልተነገረውም። የቢሮዎ በር ማጠፊያ ተሰብሮ ሦስት ዓመት ሲቆይ ላየን ሰዎች፣ ይህ ቅልጥፍና ከዚያ ቀን በፊትም ሆነ በኋላ ያልገጠመን ነው። በሳምንቱ ዲስኩ «ጸድቶ» ባዶውን ሥራ መጀመሩን ሰማን። ፊሊጶስ ዳግመኛ አልተጠራም።

ሦስተኛ፣ የካቲት ላይ በሩ ላይ ስለለጠፉልን ማስታወቂያ ከልብ አመሰግናለሁ። መዝገቡ እንደ አዲስ ስለሚጻፍ ሁላችንም ዋናውን የይዞታ ደብተራችንን ያለ ደረሰኝ እንድናስረክብ አዘዙን፤ ከሁሉ አስቀድሞ የተጠራነውም፣ የድንጋይ መፍጫ ሊተከልበት ነው እየተባለ በሚወራበት በመንገዱ ላይኛው ወገን ያለነው ሆንን። ጎረቤቴ ኦቦ ጉደታ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ የመንግሥትን ወረቀት ሲያዩ ባርኔጣቸውን የሚያወልቁ ሰው ናቸው። ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው አምጥተው አስረከቡ። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሰው ሲጠይቁ አብሬያቸው ነበርኩ። አዲሱ ጸሐፊ ኮምፒውተሩን አይቶ «በዚህ ስም የተመዘገበ ሰው የለም» አላቸው።

«ደብተሬስ?» አሉት።

«የምን ደብተር?»

ሚያዝያ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ገብሳቸው መሀል ተተከለ። በዚህ ወር መጀመሪያ ደግሞ ዶዘር ገባበት። ኦቦ ጉደታ ዶዘሩ እስኪጨርስ ቆመው ካዩ በኋላ ከዱካው ውስጥ አንድ የገብስ ዛላ አንስተው በጣታቸው ጨመቁት፤ ፍሬው ገና ወተት ነበር። «አንድ ወር ቢታገሱኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ። አሁን ሮቤ ከተማ፣ ልጃቸው ቤት ናቸው። ልጃቸው እንደነገረችኝ፣ ሲያበሏቸው ይበላሉ እንጂ ከማንም ጋር አይነጋገሩም።

የመጨረሻው ምስጋናዬ ስለ ትዕግሥትዎ ነው፤ ይህን ያወቅኩት ደግሞ በቅርቡ ነው። ከኦቦ ጉደታ ማሳ እንደተመለስኩ ለዘመናይ ደወልኩላት። ያየሁትን ስነግራት «ፈይሩዛ፣ የቁልፉን ቁጥር አትሜ በታሸገ ፖስታ ለእሳቸው አስረክቤያለሁ። የርክክቡ ቅጽ ላይ ተራ ቁጥር ዘጠኝ ነው፤ ፈርመውበታል። መሳቢያቸው ውስጥ ሲከቱትም አይቻለሁ» አለችኝ። የቅጹን ግልባጭ ላከችልኝና ፊርማዎን አየሁት፤ እንደ ሁልጊዜው ውብ ነው። እንግዲህ ያን ቀን ኮምፒውተሩ ሲጠይቅ፣ መልሱ ከጉልበትዎ በላይ ባለው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ዲስኩ እስኪጸዳም አንድ ሙሉ ሳምንት ነበረዎት። የአንድ ወረዳ ሕዝብ ስም በአንድ ፖስታ ውስጥ ታሽጎ፣ እጅዎን ወደ መሳቢያው ሳይሰዱ ይህን ሁሉ ቀን መቀመጥ እንደ እኔ ላለ ችኩል ሰው የሚቻል አይደለም።

ደብተሬን ያላስረከብኩት እርስዎን ለመናቅ አይደለም። እኔና ስድስት ጎረቤቶቼ ክስ መሥርተናል፤ ማክሰኞ ይሰማል። ለዳኛው የሚያስረዱት ነገር ቢኖርዎት፣ በፍርድ ቤቱ አግዳሚ ላይ ቦታ እይዝልዎታለሁ።

ለክብርዎ ሁልጊዜ የምሰግድ፣ በጽሕፈት ቤትዎ ደጅ ጫማዬን የጨረስኩ፣ በኮምፒውተርዎ ውስጥ የሌለሁ ታዛዥዎ፣

ፈይሩዛ ሊበን

ማስታወሻ፦ ሐሙስ ዕለት ስማቸውን ያልነገሩኝ ሁለት ሰዎች ሰሌዳ በሌለው መኪና ሱቄ ድረስ መጥተው፣ ዘመናይ ለምስክርነት በየትኛው ቀንና በየትኛው መኪና እንደምትመጣ በጨዋነት ጠይቀውኛል። ማክሰኞ፣ ከአሰላ በሚነሳው የመጀመሪያ ሚኒባስ አልኳቸው። መንገድ ላይ ቆመው ብርድ እንዳይመታቸው እባክዎ ይንገሩልኝ፤ ዘመናይ እነርሱ ሱቄ ከመምጣታቸው በፊት፣ ሰኞ ዕለት መጥታ፣ ዋናውን ቅጽ ለዳኛው አስረክባ፣ ቃሏን ሰጥታ ተመልሳለች።